የከድጄ ቤት ፊቱ ወዴት ነው?

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ልጅ ለሳኒ፣
ወልቂጤ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ተራራው ከዐይን ቢጋርደን ከልብ ያልጋረደን አላህ የተመሰገነ ይሁን። እንደምን ከረምክ? እኔ አያትህ ሸረፋ ከጉልበቴ በቀር ሙሉ ጤነኛ ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያመኝ ጎረቤቴ ዱባለ ሥራ ሊያዘኝ ሲመጣ ብቻ ነው።

መቼም ይህን ደብዳቤ እስክታነበው ጢምህ ሳይሸብት አይቀርም። እኔ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ተራራውን ከዚህ አየዋለሁ፣ አንተ ከወዲያ ታየዋለህ። ደብዳቤያችን ግን አዲስ አበባ ሄዶ፣ መርካቶ የአክስትህ ልጅ ዘይባ ሱቅ ሰንብቶ፣ በጅማ መንገድ ዞሮ ነው ወልቂጤ የሚገባው። በቅሎ ብሆን በሦስት ቀን እደርስ ነበር። ዱባለ ግን በቅሎም ነህ ይለኛል።

ወሬው እንዲህ ነው። የመኪና መንገዱ እየመጣ ነው። አንዱ ግሬደሩ ገና ቡኢ አልደረሰም ይላል፣ ሌላው ደርሷል ይላል፣ ሦስተኛው ቡኢን አልፎ ተመልሷል አለኝ፤ ለምን ተመለሰ ብለው እሱም አያውቅም። ብቻ እየመጣ ነው። እኛም አልተኛንም። ከከተማው ዳር ለሃያ ሁለት አባወራ አዲስ የቤት ቦታ ተሰጥቷል። አንዱ የእናትህ የከድጄ ነው። አባትህ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ካረፈ ወዲህ በእኔ ጣሪያ ሥር ነበረች። አሁን የራሷ ጣሪያ ይኖራታል፣ ያውም ቆርቆሮ።

ሽማግሌዎች ተሰብስበን መንገዱ በሰፈሩ በየት በኩል ይለፍ ተባባልን። ዱባለ ተነሣና፣ «ይህ ምን ያነጋግራል? እንደ አባቶቻችን ጀፎረ፣ ሰፊ የሣር መንገድ፣ እናውጣ፤ መኪናውም በዚያው ይለፍ» አለ። ነገሩ ሁሉንም ደስ አሰኘ። በዘንግ ለክተን ሰባ እርምጃ ስፋት ያለው ሣር፣ ቀጥ ብሎ እስከ ወንዙ ድረስ አወጣን። አሥራ አንድ ቤት ከወዲህ፣ አሥራ አንድ ቤት ከወዲያ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ሣሩ አዙሯል። መኪና ከፈለገ አራት ሆኖ ጎን ለጎን ይሂድ። ከብትም ያልፋል፣ ሙሽራም ትጨፍርበታለች፣ ሬሳም በክብር ይወጣበታል። እንዲህ ያለ መንገድ የወልቂጤ መሐንዲሶችህ በሕልማቸውም አላዩት።

የእናትህ ቤት ግድግዳው ቆሟል። በሩን ከፊት በኩል ሰፊ አድርጋ አስወጥታዋለች፤ ለመንገደኛ ሻይና ቆጮ በአይብ ልትሸጥ ነው። «መኪናው ደጄ ላይ ሲቆም ልጄ ይወርዳል» እያለች ትስቃለች። ለአረፋ እንድትገባበት ሁለት ማጠፊያ ብቻ ቀርቷታል፣ የበር። ላክልን። የመንገዱንም ቀን ጠይቅልን፤ አገሩ ሁሉ መሐንዲስ ነው ይልሃል። የመንገድ ቀያሾች መለኪያ ሰንሰለት ጎታች መሆንህን ከእኔ አልሰሙም።

አዎ፣ ባለፈው ሳምንት ቀያሾች ሦስት እግር ያለው መነጽራቸውን ይዘው መጥተው ነበር። የከተማው ጸሐፊ ሀቢቡ እያስተረጎመላቸው ይህንንም ያንንም ጠየቁ። ትንሽ ተጫወትንና ሄዱ።

አያትህ ሸረፋ


ወልቂጤ፣ ኅዳር 10 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ ለአባባ ሸረፋ፣
ቡታጅራ

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ። ጤናዎን፣ የእማንም ጤና አላህ ያብዛልኝ። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ዘይባ ሱቅ ከስኳር ጆንያ ሥር ወድቆ ሰንብቶ ነው መሰለኝ፣ ጉንዳን አብሮት መጣ።

የእማ ቤት በመቆሙ የተሰማኝን ደስታ በወረቀት አልችለውም። ማጠፊያዎቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ሰንሰለት ጎታች ስላሉኝ አልተቀየምኩም፤ ያለ ሰንሰለት ጎታች መንገድ አይወጣም።

ስለ መንገዱ ግን የሰማሁት ነገር ግራ አጋብቶኛል። አዲስ አበባ ፕላን የሚገለብጥ ጓደኛ አለኝ። የእናንተን ሰፈር ወረቀት አየልኝና መንገዱ «ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምሥራቅ» እንደሚያልፍ ጻፈልኝ። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አባባ፣ ቡታጅራ የአውሮፕላን ማረፊያ የተሠራው መቼ ነው? እማም እርስዎም አልነገራችሁኝም። ከተሠራስ በየትኛው በኩል ነው? ማረፊያው ከሰፈሩ በስተምሥራቅ ከሆነ መንገዱ ከሰፈሩ በጣም ይርቃል። በስተምዕራብ ከሆነ ደግሞ በሣሩ ላይ ይለፍ ወይስ በቤቶቹ ላይ አልገባኝም። ወይ ጓደኛዬ የሌላ አገር ወረቀት አይቷል።

እባክዎ ይጻፉልኝ። እስከዚያ እማ የፊቱን ግቢ እንዳታጥር ይንገሯት።

የልጅዎ ልጅ ሳኒ


ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለሳኒ፣ ለሰንሰለቱ ጌታ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤና፣ ሰላም፣ በረካ ባለህበት ይውረድ። ማጠፊያዎቹ ደርሰዋል፤ በሩ ተንጠልጥሏል። ሲከፈት እንደ ዱባለ ያቃስታል።

አውሮፕላን አልክ? አንዳንዴ በሰማይ ያልፋል። ወደ የት እንደሚሄድ ለእኛ አይነግረንም። ይህን ነገር ለጊዜው ተወውና ወደሚያሳስበው እንምጣ።

ሰኞ ዕለት ሌሎች ሰዎች መጡ፤ እነዚህኞቹ ምንም አይጠይቁም። ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች እየተከሉ አለፉ። ጀፎረው ላይ ግን አንድም አልተከሉ! የተከሉት ከእኛ ረድፍ ቤቶች በስተኋላ፣ በየጓሮው ነው። አንዱ እናትህ እንሰት መካከል፣ ከቤቷ የኋላ ግድግዳ ስድስት እርምጃ ላይ ቆሟል። «130+400» የሚል ቁጥር ተጽፎበታል።

አሁን ሰፈሩ ሁሉ ቁጥር ተርጓሚ ሆኗል። ዱባለ የውሃ ቧንቧ ነው ይላል። ሀቢቡ የመብራት ነው አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ አይደለም አለ። እናትህ የግብር እንዳይሆን ፈርታ ቅል ሰቅላበታለች፣ ቁጥሩ እንዳይታይ። የጎረቤት ሴቶች ደግሞ ፊትና ኋላችን ተምታታ ብለው ስብሰባ ተቀመጡ። አንዷ፣ «ምናልባት ቤቱን ያዞሩልን ይሆናል» አለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል አይተህ ታውቃለህ?

ማጠፊያ ይበቃል። አሁን የምንፈልገው ያንን ቁጥር የሚያነብ ሰው ነው። መቶ ሠላሳ ምንድን ነው? አራት መቶስ? መደመር ነው እንዳይባል ደምረነዋል፤ አምስት መቶ ሠላሳ ሆነ፤ ከዚያ በላይ አልሄደልንም።

አያትህ ሸረፋ


ወልቂጤ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ ለአባባ ሸረፋ፣

አሰላሙ አለይኩም። ረመዳን ከሪም። አላህ ጾማችንን ይቀበለን። ይህን የምጽፍልዎ ከሥራ መልስ፣ መግሪብ ሳይደርስ ነው።

ቁጥሩን እኔ አነበዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። ከአዲስ አበባ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ከአራት መቶ ሜትር ማለት ነው። ችካሉ የቆመበት ቦታ ደግሞ የመንገዱ መካከል ነው፤ ዳሩ አይደለም። ከመካከል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ግሬደሩ ይገፋል፣ ከዚያ ቦይ ይቆፈራል። ስድስት እርምጃ ካሉኝ የእማ ማድ ቤትና የኋላው ግማሽ ቤት ይሄዳል። አባባ፣ ቤቱ ይፈርሳል።

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። እዚህ በቀን ስንት ችካል ነው የምተክለው! ከችካሉ አጠገብ አንዲት ሴት ቆማ ስታየኝ፣ «አይዞሽ፣ ልማት ነው» ብዬ አልፋታለሁ። ለእማም አንዱ እንዲህ ብሏት አልፎ ይሆናል።

ቅሉን ከችካሉ ታውርደው፤ ችካል የነካ ይታሰራል።

ሌላም ነገር አለ። ጓደኛዬን ፕላኑን እንደገና እንዲያይልኝ ለመንኩት። ማረፊያው በእርግጥ ተሥሏል አለኝ። ሰባ እርምጃ ስፋት፣ ቀጥ ብሎ እስከ ወንዙ። ከጎኑ «ከአገር ሽማግሌ የተገኘ መረጃ» ተብሎ ተጽፏል። አባባ፣ ሰባ እርምጃ ስፋት ያለው፣ ቀጥ ብሎ እስከ ወንዙ የሚሄድ ምን እንደሆነ እኔም እርስዎም እናውቃለን። ቀያሾቹ የሸሹት ጀፎረውን ነው።

ያኔ «ትንሽ ተጫወትን» ብለው ጽፈውልኛል። ምን ተጫወታችሁ?

ሳኒ


ቡታጅራ፣ ጥር 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ልጅ ለሳኒ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጾሙ እንዴት ይዞሃል? እኔን ይዞኛል፤ ከምግብ ይልቅ ከወሬ መጾም ከበደኝ።

ደብዳቤህን ለእናትህ አነበብኩላት። የመጨረሻውን ገጽ ግን ዘለልኩት፤ ዐይኔ ደክሞኝ ነው። ቤቱ ይፈርሳል የሚለውን ስትሰማ ተነሥታ ወጣች። ቅሉን አወረደች። ከዚያ ማጠፊያዎቹ ላይ ቅባት ቀባች። የሚፈርስ ቤት በር ቅባት ምን ያደርግለታል ልላት ፈለግሁና ተውኩት። ትንሽ ቆይታ፣ «ልጄ የመንገድ ሰው ሆኖ፣ መንገድ ቤቴን ይበላዋል?» አለችኝ። ይህን እንድጽፍልህ ብላ ነው፤ ጻፍኩት።

ሌላው ወሬ ከዚህ ይብሳል። ሀቢቡ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። ከበላይ የተላከ ነው። «በቡታጅራ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከብት እንዳይሰማራ፣ ሕዝብ እንዳይሰበሰብ፣ ለዚሁም ታማኝ ዘበኛ እንዲሾም» ይላል። ሀቢቡ አንብቦ ሲጨርስ ላብ በላብ ሆኖ፣ «አባባ ሸረፋ፣ የምናውቀው ነገር ነው፤ ዘበኛው እርስዎ ይሁኑ» አለኝ። የምናውቀው ነገር ያለው ምን እንደሆነ አጠገቤ የነበረው ዱባለ ጠየቀው፤ ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።

እንግዲህ አያትህ ሹመት አገኘ። በስተርጅና የዱባለን ላም ከዱባለ ጀፎረ ላይ አባርራለሁ። ትናንት ላሚቱን ስገፋ ዱባለ ደርሶ፣
«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?»
«ማረፊያ ነው፤ ከብት ክልክል ነው።»
«ማን ሊያርፍበት?»
«አውሮፕላን።»
«አይተህ ታውቃለህ?»
«አላየሁም።»
«እኔን አይተህ ታውቃለህ?»
«አሁን አየሁህ።»
«ላሜንስ?»
«አየኋት።»
«እንግዲያውስ ያየኸውን አሰማራ፣ ያላየኸውን አባርር!» ብሎ ላሚቱን መልሶ አስገባት። ከዚያ ወዲህ አይናገረኝም። የልጁ ሠርግ ለጥር መጨረሻ ነበር፤ በጀፎረው ሊጨፈር። አሁን ሙሽራይቱ በየት እንደምትወጣ የሚያውቅ የለም። እኔን ይጠይቁኛል። ዘበኛ ነኝና።

ፊሽካ ላክልኝ። ለላሚቱ ነው።

አያትህ ሸረፋ


ወልቂጤ፣ የካቲት 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአባባ ሸረፋ፣

አሰላሙ አለይኩም። ዒዱ እንዴት አለፈላችሁ? እኔ የዋልኩት ሥራ ላይ ነው።

ፊሽካ አልላክሁም።

ይቅርታ ያድርጉልኝና ዛሬ እንደ ልጅ ልጅ አልጽፍም። የእርስዎ ቡታጅራና የእኛ ወልቂጤ መንገድ አንድ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነው ያላቸው። እስከ መጋቢት 10 ወልቂጤ ይቆያል፤ ከዚያ ወደ እናንተ ይመጣል፣ ግሬደሩም አብሮት። ሲመጣ ጊዜ የለውም፤ ችካሉ እንደቆመ ይገፋል።

ደፍሬ ፊቱ ቀረብኩና ጉዳዩን ነገርኩት። «እዚያ ማረፊያ የለም፤ የሰፈር ሣር ነው» አልኩት። ወረቀቱን አወጣ። «ማረፊያ መሆኑን የነገሩን ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ውሸት ነው ብለው ካልፈረሙ፣ እኔ በአንድ ሰንሰለት ጎታች ቃል ፕላን አልቀይርም» አለኝ። የሽማግሌውን ስም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

አባባ፣ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እማ አምስት ዓመት በሰው ጣሪያ ሥር፣ በእርስዎ ጣሪያም ቢሆን፣ ስትኖር ቆይታ አሁን የራሷን በር አገኘች። ያንን በር እንዳታጣው አንድ ሰው እውነቱን ይጻፍልኝ። ማን እንደሆነ ልብዎ ያውቀዋል። ይህን ደብዳቤ ዘይባ እንዳታስቀረው ለአውቶቡሱ ሹፌር ራሱ ሰጥቼዋለሁ።

ሳኒ


ቡታጅራ፣ የካቲት 30 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ልጅ ለሳኒ፣

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ሦስት ወረቀት ጀምሬ ቀድጃለሁ። በሁለቱ ላይ ሰበብ ነበር፣ በሦስተኛው ላይ ቀልድ።

ሽማግሌው እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ስማ። ቀያሾቹ መጥተው ጀፎረው ዳር ቆሙ። አለቃቸው በሀቢቡ በኩል «ይህ ሰፊ ሜዳ ምንድን ነው?» አለኝ። እኔም በደንብ ቀጥ ብዬ «መንገድ ነው» አልኩት። እውነቱን ነው የነገርኩት! ሀቢቡ ምስክሬ ነው። ሰውዬው ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ፣ ከዚያ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። «መንገድ እንዲህ አይሰፋም፤ ሽማግሌው ይቀልዳሉ» አለ። ሳኒ፣ አባቴ የተቀበረው በጀፎረ ወጥቶ ነው። እናትህ የተዳረችው በጀፎረ ወጥታ ነው። እኔ በሕይወቴ እውነት ስናገር የሳቀብኝ ሰው አላጋጠመኝም፤ የሚሳቅብኝ ስዋሽ ነው። ነደደኝ። «እንግዲያውስ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው» አልኩት። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ እርሳሱን አወጣ። ጻፈው። ሀቢቡ አፉን ከፈተ፤ እኔ ጠቀስኩት፤ ዘጋው።

በማግሥቱ ልናገር ነበር። ሰዎቹ ሄደዋል አሉኝ። ከዚያ ችካሉ መጣ፣ ከዚያ ሹመቱ መጣ። እያደር አፌን ለመክፈት ይበልጥ ከበደኝ። እናትህ ያን ቅባት ስትቀባ ከፊቷ ተቀምጬ ነበር፤ ያኔም አልተናገርኩም።

ዛሬ ግን ነገርኳት። ዱባለም ነበር፤ ሄጄ ጠርቼው ነው። እናትህ ረጅም ጊዜ አየችኝና፣ «አባባ፣ ለሰው ሁሉ ቀልድ አለህ፤ ለእኔ ቤት ብቻ ምነው አንድ ቁም ነገር አጣህ?» አለችኝ። ዱባለ ወጥቶ በቅሎውን ጭኖ ደጄ ላይ አሰራት።

ስለዚህ ይህን ወረቀት እንደ ወትሮው በዘይባ በኩል እልከዋለሁ፣ እኔ ግን በበቅሎዋ በተራራው እመጣለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚገባ እናያለን፤ እኔ ወይስ ዘይባ። የእግሬን ጣት ሁሉ ቀለም አስነክቼ እፈርማለሁ። ጉልበቴን ያመኝ እንደሆን ለማንም አልናገርም።

አያትህ ሸረፋ


ወልቂጤ፣ መጋቢት 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ ለአባባ ሸረፋ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። በሰላም ገብተው ይሆናል ብዬ አምናለሁ። የየካቲት 30 ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ እርስዎ በመጋቢት 5 ገብተው፣ አድረው፣ ፈርመው፣ ተመልሰው ከሄዱ ከአሥር ቀን በላይ ሆኖታል። ውድድሩን በቅሎዋ አሸንፋለች። እኔም ይህንን በተራራው ለሚሻገር ነጋዴ ሰጥቼዋለሁ፤ በአራት ቀን ይደርስዎታል ብሎኛል። ለምን እስከ ዛሬ አላሰብነውም?

እርስዎ አታት አካባቢ አድረው፣ በማግሥቱ በጭቃ ተለውሰው ካምፑ በር ላይ ሲቆሙ ያየሁዎት ጊዜ፣ የሰው አያት መሰሉኝ። የእኔ አያት እንዲህ ዝም ብሎ አይቆምም።

አሁን እርስዎ ፈርመው ከወጡ በኋላ የሆነውን ልንገርዎ። መሐንዲሱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ፣ «ሽማግሌው መጀመሪያ መንገድ ነው ብለዋል የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። እውነት ነው አልኩት። «ሰባ እርምጃ?» ሰባ እርምጃ አልኩት። «ለምን?» አለኝ። እኔም ግራ ገባኝ፤ አባባ፣ ለምን እንደሆነ ለካ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ሁሉም ሰው እንዲያልፍበት» አልኩት። ሌላ አልመጣልኝም። ጻፈው።

ውሳኔው ይህ ነው። መንገዱን ወደ ጀፎረው መመለስ አልቻለም፤ የወንዙ ድልድይ በአዲሱ መስመር ላይ ተጀምሯል። ነገር ግን ከሰፈሩ በስተኋላ መስመሩን ሃያ ሜትር ወደ ምሥራቅ ለማሸሽ ፈርሟል። ወደ ድልድዩ ሲጠጋ በትንሽ ጥምዝ ይመለሳል። ጥቂት እግር እንሰት ይሄዳል፣ ቤት ግን አንድም አይፈርስም።

ስለዚህ የእማ ቤት ቆሟል፤ መንገዱ ግን በጀርባው ነው። ያን ሰፊ የፊት በር ምን እንደምናደርገው አላውቅም። ቤት ከሠራችሁ በኋላ መንገድ፣ መንገድ ካሰመርን በኋላ ቤት እያልን፣ አንዳችን ሌላውን ሳንጠይቅ ነው እዚህ የደረስነው። እኔ ራሴ ሰንሰለት ስጎትት አንድ ቀን የቤት በር ወዴት እንደሚያይ ጠይቄ አላውቅም። አሁን እጠይቃለሁ። አለቃዬ ሥራ ታዘገያለህ ብሎ ይቆጣል።

ለእማ ይንገሩልኝ፤ ለአረፋ ፈቃድ ከልክለውኛል። መኪናው ሲመጣ እወርዳለሁ።

ሳኒ


ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ልጅ ለሳኒ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አረፋውን አንተ በጎደልክበት አክብረን፣ ድርሻህን ለጎረቤት አስበልተን፣ ደህና ነን። ደብዳቤህ በነጋዴው እጅ በአምስተኛው ቀን ደረሰ።

ሽማግሌዎች ተቀምጠውብኝ ነበር። ጀፎረን በውሸት ስም ጠርተሃል ብለው። ዱባለ ነው የፈረደው፤ ሣሩን ከዳር እስከ ዳር ከእሾህና ከጠጠር አጽድቼ ለልጁ ሠርግ እንዳስረክብ። አጸዳሁ። ጉልበቴ በእውነት አመመኝ፤ አሁን ማን ያምነኛል? ሠርጉ ሆነ፣ ላሚቱም ተመለሰች። የሹመት ወረቀቱ እስካሁን አልተሻረም፤ ሀቢቡ የሻሪው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ እየፈለገ ነው።

ችካሎቹን አሸሿቸው። እናትህ የተወሰዱትን እንሰቶች ራሷ ነቅላ ሌላ ቦታ ተከለቻቸው። ከዚያ መጋዝ ተዋሰችና የኋላ ግድግዳዋን በርቅሳ በር አወጣችበት። «አንዱ በር ለሰፈሩ፣ አንዱ ለመንገደኛው» አለች። ሰፊውንም በር አላጠበበችውም። ሁለት ማጠፊያ ቀርቷታል። ዱሮ ለፊቱ ነበር፣ አሁን ለኋላው። ኋላው የቱ እንደሆነ ግን በሰፈሩ ገና አልተስማማንም፤ አንተ ስትመጣ ፍረደን።

ትናንት ግሬደሩ ደረሰ። ሹፌሩ አቧራ ለብሶ በአዲሱ በር ገባ፤ የመጀመሪያ ደንበኛዋ ነው። ቆጮውን በላ፣ ሁለት ሻይ ጠጣ፣ ከዚያ በፊቱ በር ብቅ ብሎ ጀፎረውን አየ። እኔ ደጁ ላይ ሻይዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር።

«አባት፣» አለኝ፣ «ይህ ሰፊ ሜዳ ምንድን ነው?»

ሳኒ፣ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና፣ «መንገድ ነው» አልኩት።

ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ። ከዚያ ሳቀ። «መንገድማ እኔ የምጠርገው ነው! ይህን ያህል የሰፋ መንገድ የት አለ? ሽማግሌዎች ቀልድ ታውቃላችሁ!» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ጫፍ ላይ ምን ምን እንደነበር አላህ ያውቃል፤ የፈረስ ጉግስ ሜዳ ነበር፣ የባቡር ጣቢያ ነበር፣ የመርከብ ወደብም ነበር። ቀና ስል እናትህ መጥረጊያ ይዛ በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ ነው።

አፌን ዘጋሁት። ሰውዬው እየሳቀ ሄደ። እኔም ከሳቁ ጋር ተቀምጬ ቀረሁ።

እናትህ ሁለተኛ ሻይ አመጣችልኝ፤ ሳልጠይቃት።

ማጠፊያዎቹን ላክ። ይልቅ ይዘሃቸው ና፤ በየትኛው በር እንደምትገባ እንይ።

አያትህ ሸረፋ፣
የማረፊያው ዘበኛ